እናቴ በመስኮቱ ፊት የሳቀች ዕለት

የእናቴ ፓስፖርት ዛሬም ባዶ ነው። እዚህ ጅቡቲ የምትኖርበትን ፈቃድ ካልቆጠርን በቀር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማኅተም ያረፈበት ቦታ የለም። ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ ሩዝ ላይ አስተኝቼ ነው የማስቀምጠው። የዚህ ከተማ ወበቅ ወረቀት ያሳብጣል፤ ሩዙ እርጥበቱን ይመጥጥለታል። እናቴ መጀመሪያ ያየች ጊዜ፣ «ቢያብጥስ? ማን ሊገልጠው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

እንጀራዬ ወረቀት ነው። አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ በወደቡና በአዲስ አበባ መካከል ለሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች የጭነት ሰነድ አዘጋጃለሁ። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ጎማ፣ ብረት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰሊጥና ቡና ወደዚህ ይወርዳል። ሰነዱ ከተሟላ ኬላው ይከፈታል። ሰሊጥን «ሄደህ ትቀራለህ ወይስ ትመለሳለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጫቱንማ አታንሡት፤ ጠዋት ሐረርጌ ተቆርጦ ለምሳ እዚህ ይደርሳል፣ ከተማው ሁሉ እንደ ሙሽራ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚያው መንገድ የመጣነው እኛ ግን ፓስፖርታችንን ይዘን አንድ መስኮት ፊት ስንቆም ላብ ያጠምቀናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት የእኛ ፓስፖርት ነው። አለኝ ይላል ሰው፤ የት ያስገባሃል ሲሉት ወሬ ይለውጣል።

እኅቴ የተወለደችው ድሬዳዋ ነው፤ እኔ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንገድ ላይ ከሞተ በኋላ እናቴ አንድ የሶማሌ ቤተሰብ ዘንድ አዳሪ ሠራተኛ ሆና ገባች፤ ወደ እኛ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። እኔን ያጠበችኝ፣ ያበላችኝ፣ ስዋሽ የገረፈችኝ እኅቴ ናት። ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ የጀመረችውም እኔ በፈረንሳይኛ እንድማር ነው። «አንዳችን እንኳ ከነሱ ጋር በቋንቋቸው እንጣላ» ትል ነበር። እናቴ ከአማርኛ ሌላ ሶማሊኛና ትንሽ ዓረብኛ እንጂ ፈረንሳይኛ አታውቅም። ሰው በፈረንሳይኛ ሲያናግረኝ ዝም ብላ አፌን ታያለች፤ ከከንፈሬ የምታነበው ይመስላታል። እኔ የምናገረው ፈረንሳይኛ የእኅቴ ላብ ነው።

እኅቴ መጨረሻ ላይ የገባችበት ቤት የውጭ አገር ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩበት ነበር። ወደ አገራቸው ሲዛወሩ ልጆቹ ያለ እሷ አንሄድም ብለው አለቀሱ፤ ወረቀቷን ጨርሰው ይዘዋት ሄዱ። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሚለወጥ ነገር የለም። ስድስት ዓመት ቆየች። የመኖሪያ ወረቀቷ ሁልጊዜ «በሂደት ላይ» ነበር። ከወጣሽ ላትመለሺ ትችያለሽ አሏት፤ እሷም አልወጣችም። ዓርብ ዓርብ በስልክ እናያት ነበር። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር የምታናግራት።

ከዚያ እኅቴ ታመመች። የደም በሽታ ነው አሉ። ሚስትየዋ ደውላ ሕክምናው እንዳልያዘላት ነገረችኝና፣ «እናታችሁ ለምን አትመጣም? ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ነገ ትሳፈር» አለችኝ። ክፋት የላትም። እሷ ነገ ስትል ነገ ማለቷ ነው፤ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ሻንጣ ይዛ፣ አውሮፕላን መግባት። እኔ ግን ተናደድኩባት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ስሰድባት ዋልኩ። ለእኛ ነገም ቀጠሮ እንደሚያስፈልገው ማን ይንገራት?

እናቴ የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነበር። «እጄን ግንባሯ ላይ ላድርግ» አለች። «ከዚያ መልሱኝ።»

የኤምባሲው የቪዛ ቀጠሮ የተሰጠን ለሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ወረቀት ሰበሰብኩ፤ በዚህስ ማን ይችለኛል። የሆስፒታል ደብዳቤ፣ የጥሪ ደብዳቤ፣ የጉዞ መድን። ከዚያ የእናቴና የእኅቴ ስም አልገጥም አለ። እናቴ የምትጠራው በአባቷ፣ እኅቴም በአባቷ፤ እዚያ አገር ግን የአንድ ቤት ሰው አንድ ስም ነው ያለው። እናትነቷ በወረቀት ይረጋገጥ ተባለ። የድሬዳዋ ቀበሌ የሰጠውን የልደት ማስረጃ አንድ ሾፌር በደረት ኪሱ ከቶ በደወሌ ኬላ በኩል አመጣልኝ፤ ላቡ አንዱን ጥግ አጥቦት ነበር። እናቴ ወረቀቱን እያገላበጠች፣ «አምጬ የወለድኳትን ቀበሌ ነው እንዴ የሚመሰክርልኝ?» አለች።

ከሁሉ የከበደው የመመለሷ ማስረጃ ነው። ሄዳ እንደማትቀር የሚያሳይ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ ሥራ፣ ባል። አንዱም የላትም። ባዶው ቦታ ላይ «ሴት ልጅ፣ የጅቡቲ ነዋሪ» ብዬ ራሴን ጻፍኩ። ማመልከቻውን የተቀበለችኝ ሠራተኛ ቦታውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ «ይኼ ማስረጃ አይባልም» አለችኝ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይሉት እሱ ነው።

አሁን ስለ መርዶ ልናገር፤ ያለዚያ የሠራሁትን አትረዱልኝም። አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ የሥራ ጓደኛው እናቴን መንገድ ላይ አግኝቷት፣ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ በመስኮት ነገራት። ቀትር ላይ፣ ዘንቢል እንዳንጠለጠለች፣ ብቻዋን። ተዘረረች። እስከ ዛሬ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን አስፋልት ያቃጠላት ነው። ሰውየውን ይቅር አላለችውም፤ ባሏን የገደለው እሱ ይመስል ስሙን አታነሣም። እኔንና እኅቴን ግን አስቀምጣ ደጋግማ መክራናለች። «መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። በቤቷ ውስጥ፣ የሚይዟት ሰዎች ዙሪያዋን ሆነው። የቆመች ሴት አይነገራትም። ባዳ ፊት አይነገራትም።» እንደ ጸሎት በቃላችን ይዘነው ነው ያደግነው።

ቀጠሮው ማክሰኞ ዋለ። እናቴ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ሁለት ጊዜ ወልውላ ወጣች። ኤምባሲው በር ላይ ዘበኛው ስልኬን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ቋንቋ ስለማትችል እንዳስተረጉምላት ፈቀዱልኝ። ከመስታወቱ ወዲያ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ፋይሉን ከፈተች፣ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በፈረንሳይኛ ተናገረች።

«ደብዳቤውን ለማረጋገጥ ለሆስፒታሉ ጽፈን ነበር። መልሱ ዛሬ ጠዋት ደረሰን። አዝናለሁ፤ የወይዘሮዋ ልጅ ዛሬ ንጋት ላይ አርፋለች። ሐዘንዎን እጋራለሁ ይበሉልኝ። አሁንም መሄድ ይፈልጋሉ ወይ?»

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

እናቴ ቆማ ነበር። መስኮቱ ፊት ወንበር የለም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው፤ ፊታችን ያለችው ባዳ ናት፤ እናቴ ደም ግፊት አለባት። ከኔ በቀር የሚይዛት የለም፣ እኔን ደግሞ የሚይዘኝ የለም። እኅቴ ሞተች የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ነው እንጂ ገና ወደ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ውስጥ እንዳይገባም በጥርሴ ይዤዋለሁ።

«ደብዳቤሽን ሆስፒታሉ አረጋግጧል አለች» አልኳት። «አሁንም መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ትላለች።»

እናቴ ሳቀች። እኅቴ ከሄደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ የጎደለው ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «ይኼም ይጠየቃል እንዴ!» አለች። «እግዜር ይስጥሽ በያት። የልጅ ልጅ ያሳይሽ በያት!» መዳፏን ሳመችና መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ አለች። እናቴን አየች፣ ፋይሉን አየች። «የነገርኳትን ተረድታለች?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኩ። «ተረድታለች።»

ወደዚያች «አዎ» ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር፤ «አልነገርኳትም፣ በባህላችን እንዲህ አይነገርም» ብል ሴትየዋም ሰው ናት፣ ይገባት ነበር። ግን አፌን ለዚያ ብከፍተው የሚወጣው ለቅሶ ነው፤ እናቴ ደግሞ እንደ ልማዷ አፌን እያየች ነበር። ጭነት ላይ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ሰነዱ ተመልሶ ይታረማል። ለዚያች ቃል ግን የማረሚያ ቅጽ አላገኘሁም።

ስንወጣ ዘበኛው ስልኬን ሰጠኝ። ሚስትየዋ አምስት ጊዜ ደውላ ነበር። እናቴ «ማነው?» አለችኝ፤ «ቢሮ ነው» አልኳት።

እሷ ግን ደስታው እግሯን አቅልሎት ወደ ፊት እየቀደመችኝ ምኒልክ አደባባይ ደረስን። «እዚያ ብርድ ነው ስትል ሰምቻለሁ፣ ሹራብ እንግዛላት» አለች። በዚያ ሙቀት ሹራብ የሚሸጥ ሱቅ አገኘች፤ ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራውን እያራገፈ አንድ ወፍራም ቡናማ ሹራብ አወረደላት። በሶማሊኛ፣ «ለልጄ ነው፣ ታማብኝ ልጠይቃት ልሄድ ነው» አለችው። «አላህ ያሽራት» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «በቁመት ትመሳሰላላችሁ፣ እስቲ ልበሺው።»

ለበስኩት። እናቴ ትከሻዬን አስተካከለች፣ እጅጌውን ጎተት አደረገች፣ ቁልፉን አንድ በአንድ እስከ አንገቴ ድረስ ቆለፈችው። ፊቴ ላይ የሚወርደው ላብ ነበር፤ ላብ ብቻ አልነበረም። «ደግ ነው» አለች፣ «እሷ ግን ከስታለች፣ ይሰፋት ይሆን?» አይሰፋትም አልኳት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ላሉት ጡረተኛ ሾፌር ነገርኳቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ሆነው መከሩ። ቪዛው ከወጣ ዝም እንበል፣ እዚያው ስትደርስ ሰው ተሰብስቦ ይንገራትና ትቅበራት፤ ካልወጣ እዚሁ እናረዳታለን ተባባሉ። ሚስትየዋ ቀብሩን እስከ ሰኞ እንደሚያቆዩት ነገረችኝ። ረቡዕ ጠዋት ነገሩን ላስተካክል ተመልሼ ሄድኩ፤ ዘበኛው ቀጠሮ የለሽም ብሎ ከበሩ መለሰኝ። በኢሜይል ጻፍኩ። ባህላችን እንዲህ ነው፣ እናቴ የሳቀችው እኔ ስለዋሸኋት ነው ብዬ ጻፍኩ። የመለሰልኝ የለም። በነዚያ ሁለት ቀናት እናቴ ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረች።

ሐሙስ ፓስፖርቱ ተመልሶልን ብቻዬን ተቀበልኩት። ውስጡ አንድ ወረቀት አለ፤ ከተደረደሩት ምክንያቶች አንዱ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፦ የጉዞው ዓላማ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። ሴትየዋ ምን አስባ እንደሆነ አላውቅም። የልጇን ሞት ሰምታ የምትስቅ እናት ያየች መስሏት ይሆናል። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እንጃ።

ዓርብ ንጋት ላይ፣ እኅቴ ትደውልበት የነበረው ሰዓት ሳይደርስ፣ በራችን ተንኳኳ። ሴቶቹ ገብተው እናቴን ግራና ቀኝ ያዟት። ተቀምጣ ነበር። በቤቷ ነበረች። ሁሉም ነገር እሷ ባስተማረችን ወግ ሆነ። አንዷ አቅፋ፣ «ልጅሽ አርፋለች፣ በርቺ» አለቻት። የእናቴን ጩኸት አልጽፈውም። ደረቷን ስትደቃ እጆቿን ያዝንላት፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ በተዘጋው ድምፅ «መቼ?» አለች።

ጋሼ ውሸት አይችሉም። «ማክሰኞ ንጋት» አሉ።

 ማክሰኞን ከመጀመሪያው ስታስበው አየኋት፤ ጫማዋን፣ መስኮቱን፣ ሹራቡን። ከሴቶቹ መሐል በዓይኗ ፈለገችኝ።

«ያቺ ሴት ነግራሽ ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አንቺ ግን አሳቅሽኝ» አለች። «በልጄ ሬሳ ላይ አሳቅሽኝ።»

 አንቺ ያስተማርሽኝ ነው ልላት አሰብኩ፤ እሱን ግን ቢቆርጡኝም አልለውም። ከቀትር በኋላ፣ ለቅሶተኛው ጋብ ሲል፣ «ወረቀቱስ?» አለችኝ። ከለከሉን አልኳት። «ስለ ሳቅሁ ነው?» አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ አላውቅም። እሷ ግን ስለ ሳቀች እንደሆነ ወሰነች።

እኅቴ ሰኞ ዕለት እዚያው ተቀበረች። ሚስትየዋ በስልክ ልታሳየን ደወለች። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በስልክ ልጅ አይቀበርም» አለች። እኔ ብቻዬን አየሁት፤ ግራጫ ሰማይ፣ ቀጭን ዝናብ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ጥላ ይዘው።

ሐዘንተኛው ሲበተን እናቴ ዋራበሌ ሰፈር ከምትኖር የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ሹራቡን ይዛ ፓስፖርቱን ተወችው። ዓርብ ዓርብ መድኃኒቷን ይዤ እሄዳለሁ፤ ትቀበለኛለች፣ በልተሻል ወይ ትለኛለች፣ ሌላ የለም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ለሰው ልጅ እናቱ በትሕትና ስታናግረው የሚያህል ቅጣት የለም።

በሙት ዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወደ ዋራበሌ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ መጣች። ቤት ገብታ፣ ጣሳውን አውርዳ፣ ፓስፖርቱን ከሩዙ ውስጥ አወጣችው፤ የተጣበቀውን ሩዝ በጣቷ አራገፈች። ድሮ ሦስታችን እንተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ፓስፖርቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እኔን ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«ያቺ ሴት ያለችውን አሁን ንገሪኝ» አለች። «መጀመሪያ በነሱ ቋንቋ፣ ከዚያ በእኛ። አንድም ሳታስቀሪ።»

በፈረንሳይኛ ነገርኳት። አፌን እያየች ሰማችኝ። ከዚያ በአማርኛ ነገርኳት፤ ለሆስፒታሉ እንደጻፉ፣ መልሱ ጠዋት እንደደረሰ፣ ልጅዎ ንጋት ላይ አርፋለች እንዳለች፣ ሐዘንዎን እጋራለሁ እንዳለች። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቀችኝ።

«ከዚያስ?»

«አሁንም መሄድ ይፈልጋሉ ወይ አለች።»

እናቴ ፓስፖርቱን በመዳፏ ጠረገችው። ሴትየዋ እዚያ ያለች ይመስል ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አዎ በያት» አለች። «እሄዳለሁ። ሹራቧን አልብሻት፣ አፈሯን ዳብሼ እመለሳለሁ። እዚህ ሌላ ልጅ አለችኝ በያት።»

ወደ ፈረንሳይኛ መለስኩላት፤ አንድም ቃል ሳላስቀር።